ልጅ ከማቆያ ወደ ቤቱ ሲመለስ፦ አጠገቡ ላላችሁ ሁሉ

«ልጁ ቤቱ ገባ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ቀረ?» ይህን ጥያቄ ከጎረቤትም ከአለቃም እሰማዋለሁ። መልሴ ሁሌም ያው ነው። ዋናው ሥራ ገና አልተጀመረም።

ሶሻል ወርከር ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ቤት ውስጥ ጉዳት የደረሰባቸውን ልጆች ከጊዜያዊ ማቆያ ወደ ቤተሰባቸው እንመልሳለን፤ ከዚያም ቤቱን እንከታተላለን። ይህን የምጽፈው ግን ለባልደረቦቼ ብቻ አይደለም። እኔ እዚያ ቤት የምገኘው ቢበዛ በሳምንት አንዴ ነው። በቀረው ጊዜ ልጁ አጠገብ ያሉት ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት፣ አክስቱ፣ የክፍል ኃላፊ መምህሩና የዕድሩ ጸሐፊ ናቸው። ልጁ ሰላም ውሎ ሰላም ማደሩ በአብዛኛው በእነሱ እጅ ነው።

የማወራው እንዲህ ስላሉ ቤቶች ነው። አባቱ በኤሌክትሪክ ገመድ የገረፈው ልጅ። ሃያ ብር ጠፋ ተብሎ በርበሬ የታጠነች ልጅ። ለትምህርት ተብላ ከገጠር ዘመድ ቤት መጥታ ሠራተኛ ሆና የቀረች፣ በጋለ ማንኪያ የተተኮሰች ልጅ። እነዚህን ታሪኮች የማያውቅ ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ከመመለሱ በፊት

ከሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ልጁን የጎዳው ሰው አሁን የት ነው የሚያድረው?

ጉዳዩ ወሲባዊ ጥቃት ከሆነና አድራጊው እዚያው ቤት ካለ፣ ልጁ አይመለስም። አለቀ። «ተጸጽቷል»፣ «ንስሐ ገብቷል»፣ «ሰክሮ ነው እንጂ» የሚባለው ሁሉ ይህን አይቀይረውም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ «ይቅር ተባብለናል» የተባለበት ቤት አይቻለሁ። ሽማግሌዎቻችን ባልና ሚስት ያስታርቁ፤ ድንበር የተገፋፋ ጎረቤት ያስማሙ። ያውቁበታል። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 እና 627 የተቀመጠ ከባድ ወንጀል ነው። በካሳና በእርቅ አይዘጋም። ልጅቷን አስቀምጦ «አባትሽ ነው፣ ይቅር በይው» ማለት ደግሞ በቁስሏ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ድብደባ፣ ማጠን፣ ማስራብ የነበረበት ቤት ይለያል። እዚህ ብዙ ጊዜ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን ቃል መግባት ቀላል ስለሆነ እኔ የምፈልገው የሚታይ ነገር ነው። አባትየው አረቄ ተውኩ ካለ፣ ከሱ ሌላ ማን ያውቃል? እናት ገበያ ስትወጣ ልጆቹን ማን ያያል? በፊት ዱላ ያስመዘዘው ነገር እንደገና ሲመጣ፣ ለምሳሌ ኪራይ ሲያልፍ ወይም ልጁ አምሽቶ ሲገባ፣ ምን ሊደረግ ነው የታሰበው? «እግዜር ያውቃል» የሚል መልስ ከመጣ ገና ነን ማለት ነው።

ልጁን ለብቻው ጠይቁት። «ቤትህ መሄድ ትፈልጋለህ?» የሚለው ብዙ አይረዳም። ልጅ ጠያቂው የሚፈልገውን መልስ ፊቱ ላይ ያነባል። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው። «ማታ የት ነው የምትተኛው? ከማን ጎን?» «አባባ ሲናደድ አንተ የት ትሆናለህ?» «ከቤት ሮጠህ ብትወጣ መጀመሪያ የማንን በር ታንኳኳለህ?» ልጁ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ መመለሱ ይቆያል። መጀመሪያ ያ በር ይፈለጋል።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነው። ቤተሰቡ ማቆያ መጥቶ ያየዋል። ቀጥሎ ልጁ ግማሽ ቀን ቤት ውሎ ይመለሳል። ቀጥሎ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ይመጣል። በእያንዳንዱ ጊዜ ማታ እንዴት እንዳደረ ተንከባካቢዋን እጠይቃለሁ። አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እሑድ ሌሊት ካረጠበ ልብ እላለሁ። ወዲያው «አይሂድ» አልልም፤ ናፍቆትም እንዲህ ያደርጋል። ግን ሳልጠይቅ አላልፈውም።

ወረቀቶቹንም ቀድማችሁ ጨርሱ። የትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ወረቀት። መልቀቂያ ባለመምጣቱ ብቻ ልጅ ለሳምንታት ቤት ይቀመጣል። ሥራ ፈትቶ ከተበሳጨ ወላጅ ጋር ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት መዋል ደግሞ ገና ላልጠና ቤት ጥሩ አይደለም።

የሚገባበት ቀን

የድርጅት ስም የተለጠፈበት መኪና ሰፈሩ ውስጥ አታስገቡ። ለምን እንደሆነ ሰፈር ያደገ ሁሉ ይገባዋል። መኪናው በር ላይ ሲቆም መስኮት ሁሉ ይከፈታል፤ እስከ ማታ የልጁ ታሪክ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወራል። ታክሲ ተሳፍራችሁ ውረዱና በእግር ግቡ። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነው። ቤተሰቡ አለ፣ ብርሃን አለ፣ ትምህርት እስኪጀምር አንድ ቀን ይቀራል።

በግ አይታረድ። ደስታውን አልጠላም። ግን ልጁ ሰው በተሰበሰበበት መታያ ይሆናል፤ ለድግሱ የተበደሩት ብርም በኋላ «ባንተ ምክንያት» ተብሎ እሱው ላይ ይመጣል። እንደ ሌላው ቀን ሽሮ ወጥ ይብቃ። እናቱ የሚወደውን ካወቀች እሱን ትሥራ።

«የት ነበርክ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ልጁ የሚመልሳትን አንዲት አጭር መልስ ከሱ ጋር ሆናችሁ አዘጋጁ። «ሌላ ሰፈር ነበርኩ፣ አሁን መጣሁ።» ይኸው። ውሸት የለበትም፣ ምስጢርም አያወጣም። እናትየውም አክስትየውም ያችኑ መልስ ይያዙ። ሁለት ዓይነት መልስ ከተሰማ ሰው መቆፈር ይጀምራል።

ቤት የቀሩትን ወንድምና እህቶች አትርሱ። አንዳንዱ በሱ ፈንታ ሲመታ ከርሟል። አንዳንዱ ደግሞ «አንተ ስትናገር ነው አባባ የታሰረው» ብሎ ቂም ይዟል። ይህን ልጆቹ ብቻቸውን ሲቀሩ እንዳይጨርሱት፣ አዋቂ ባለበት ይነገር። «አባባ የታሰረው ባደረገው ነገር ነው፤ ልጅ በመናገሩ ቤት አይፈርስም።» እናት ከአፏ ብታወጣው ከእኔ አፍ አሥር እጥፍ ይሰማል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መጀመሪያ ልጁ ጨዋ ይሆናል። እንደ እንግዳ ይቀመጣል፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል፣ የበላበትን ያጥባል። ቤተሰቡ «ተለውጦ መጣ!» ይላል። አትቸኩሉ። ትንሽ ቆይቶ ይፈትናቸዋል። ይዋሻል፣ አርፍዶ ይገባል፣ ዕቃ ይሰብራል፣ ያለምክንያት ያለቅሳል። በኔ እምነት ይህ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል። «አሁንስ ይመቱኛል?» ብሎ እየጠየቀ ነው። ቤቱም ሊበላሽ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ኮልፌ አካባቢ አንዲት እናት አለች፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። ልጇ ከተመለሰ ጥቂት ሳምንት በኋላ ፍራሹን ስታነሳ የደረቀ ዳቦ፣ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራና ሁለት የተቀቀለ ድንች አገኘች። እኔ ስደርስ ሁሉንም ሰፌድ ላይ ደርድራ ትጠብቀኝ ነበር። ለማስረጃ።

«እኔ እንጀራ ጋጋሪዋ! ልጄ ምግብ ይሰርቀኛል? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል፣ እህቴ?»

ንዴቷ ገባኝ። ተዋርዳ ነው። «እንጀራ አባቱ ሲቀጣው እራት ይከለክለው ነበር አይደል?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሰፌዱን አነሳችው።

የተስማማነው ቀላል ነገር ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ገዛች። ልጁ እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ማታ ማታ ዳቦ ትጨምርበታለች። የሱ ነው፤ ሌሊትም ቢበላው ጠያቂ የለም። መጀመሪያ ላይ በየሌሊቱ ባዶ ያደርገው ነበር። እየቆየ ዳቦው ማደር ጀመረ። ፍራሹ ሥር መደበቁን ማንም ሳይነግረው ተወው።

አልጋ ማርጠብም እንደዚሁ ነው። ፍራሹን ደጅ አውጥቶ ጎረቤት እንዲያየው ማስጣት፣ በወንድሞቹ ማሳቅ፣ ውሃ መከልከል ነገሩን ያብሳል። አንሶላው ሥር ላስቲክ አንጥፉ። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆኖ ጨለማ የሚፈራ ከሆነ አዋቂ ይሸኘው፤ ወይ ፖፖ ይቀመጥለት። ጠዋት አንሶላው ያለወሬ ይታጠብ። ወራት አልፈውም ካልተሻለው፣ ወይም ትኩሳትና ሲሸና ማቃጠል ካለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌሊት ሲጮህ ወይም ድንገት ሲደርቅ «ሰይጣን ይዞታል» ይባላል። ጸበል መሄድን አልቃወምም። እኔም እሄዳለሁ። እናቱ እጁን ይዛ ብትወስደው፣ ጠዋት በእግር አብረው ቢሄዱ፣ እንዲያውም መልካም ነው። ግን አይታሰር፣ አይመታ፣ «ለፍልፍ» ተብሎ በሰው ፊት አይጨነቅ። ሐኪም የሰጠው መድኃኒትም አይቋረጥ።

ቀበቶውና በርበሬው ከቀሩ በኋላ

«እኛስ ተቀጥተን አይደል ያደግነው?» ይህን የማይል አባት እምብዛም አላጋጠመኝም። ስብከት አልጀምርም። ቡናው እስኪፈላ «እርስዎን አባትዎ በምን ነበር የሚመቱዎት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አለንጋ የሚል አለ፣ ሳማ የሚል አለ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የለበሰውን ልብስ ሳይቀር ያስታውሳሉ። «ምን አጥፍተው ነበር?» ስላቸው ግን ብዙዎቹ አያስታውሱም። ከዚህ በኋላ ማውራት ይቀላል።

ሕጉንም መንገር ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወላጅን በተመለከተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይቀጣል፤ ለማስተማር በአግባቡ የሚወሰድ ሕጋዊ እርምጃን ግን ይተወዋል። ብዙ ሰው በዚች ቀዳዳ ሊሾልክ ይሞክራል። ገመድና የበርበሬ ጢስ በየትኛውም ቋንቋ «አግባብ» አይሆንም።

ዱላ ነጥቆ ባዶ እጅ መተው ግን ዋጋ የለውም። ወላጅ የሚይዘው ሌላ ነገር ይፈልጋል። የቤቱን ሕግ አሳንሱት፤ ለአንድ ቤት ሦስት ሕግ ይበቃል። ለምሳሌ፦ ሳይናገሩ ከግቢ አለመውጣት፣ አለመማታት፣ የቤት ሥራ ከቴሌቪዥን በፊት። ቅጣቱም ቀድሞ ይታወቅ፣ ያን ቀን ይለቅ፤ ኳስ አለመሄድ ወይም ዕቃ ማጠብ። ምግብ፣ እንቅልፍና ትምህርት ቤት ፈጽሞ ቅጣት አይሆኑም። አባት ደሙ ሲፈላ ከቤት የሚወጣው እሱ ነው፤ ልጁ አይባረርም። ደጅ ወጥቶ ፊቱን ይታጠብ፣ ሱቅ ደርሶ ይምጣ። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባል የለ? ስናደድ እንዴት አድርጌ ከነንፍጡ እንደምወደው ግን ልምምድ ይጠይቃል።

ማታ

አደጋው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት አለው። ከሥራ መልስ፣ ከጠላ ቤት መልስ፣ ደመወዝ የተከፈለ ቀን፣ መብራት የጠፋ ለት። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰዓት አለው። እናትየውን ጠይቋት፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው ትነግራችኋለች። ያን ሰዓት የሚሞላ ሰው ፈልጉ። አክስት ዓርብ ማታ እራት ይዛ ትምጣ። አጎት ልጁን የቤት ሥራ ላሠራው ብሎ ይውሰደው። ለአንድ ሰዓት እንኳ ሦስተኛ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩ ብዙ ነገር ያበርዳል።

ጎረቤት ደግሞ ምልክት ትያዝ። አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁት እስካሁን የምወደው ነው። ልጅቷ «እማማ፣ ወንፊት አውሱን ተብያለሁ» ብላ ከመጣች፣ ቤት ነገር ተነስቷል ማለት ነው። አዛውንቷ «ግቢና ልፈልግልሽ» ብለው ያስገቧታል። ወንፊቱ የሚገኘው እናትየው ራሷ ስትመጣ ነው። ማንም አልተጋለጠ፣ ማንም አልተሰደበ። ምልክቱን የሚያውቁት ልጅቷ፣ እናቷና አዛውንቷ ብቻ ናቸው።

ጩኸት ከሰማችሁ ግን ምልክት አትጠብቁ። አንኳኩ። «ክብሪት አላችሁ?» ማለትም ይበቃል። ካልበረደ ፖሊስ ጋ፣ 991 ደውሉ። «የሰው ቤት ገመና ነው» የሚለውን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ስለ ገንዘብ

ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤቱ ለማራቅ ምክንያት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት በ2009 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ይህ ተቀምጧል። ግን ኪራይ ያለፈበት ቤት ውስጥ ትዕግሥት አጭር ነው። ስለዚህ ቤቱን መደገፍ ልጁን መጠበቅ ነው።

ከቅርቡ ጀምሩ። አዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላል፤ ይህ ለእናት ትልቅ እፎይታ ነው። ወረዳ ላይ የልማታዊ ሴፍቲኔት ምዝገባ መቼ እንደሆነ ጠይቁላት። መሥራት የማትችል ከሆነች ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ በጊዜው ካልተከፈለ ሕክምና ሲመጣ ያስደነግጣል። ብዙ እናት ቢሮ ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» ትባላለች። አብራችሁ ሂዱ። ሁለት ሰው ሲቆም ነገሩ ይፈጥናል፤ ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ዕድር ለቀብር ነው የሚል አለ። ብዙ ዕድሮች ግን ከዚያ አልፈው ችግረኛ ቤት ይደግፋሉ። የልጁን ታሪክ ዘርዝሮ በጉባኤ መለመን ግን ክልክል ነው። «ቤቱ ተቸግሯል» ይበቃል። ስትሰጡም ለተመለሰው ልጅ ብቻ ጫማ አትግዙ። ሦስት ልጆች በባዶ እግራቸው ቆመው አንዱ አዲስ ጫማ ሲያደርግ የሚሆነውን አይቻለሁ። ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለቤቱ ዘይትና ጤፍ።

ትምህርት ቤትና ፍርድ ቤት

ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይወቅ፤ የክፍል ኃላፊው ወይም ርዕሰ መምህሯ። ዝርዝሩንም አይደለም። «ቤት ችግር ነበር፤ ካልመጣ በዚያው ቀን ደውሉልኝ፤ አትምቱት፤ ከኋላው ድንገት አትምጡበት» ይበቃል። ልጁ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሌሊት አልተኛ ይሆናል። መምህር ከሆናችሁ ጆሮ ከመቆንጠጥ በፊት «ማታ ተኛህ?» በሉት።

ክስ ካለ ልጁን በየቢሮው አታስተርኩት። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ መስኮት ማዕከል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የዓቃቤ ሕጉን ሥራ አንድ ቦታ ያገናኛል። ልደታ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ለልጆች ምቹ ችሎት አለ። ልጁ ለብቻው ክፍል ውስጥ ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል፤ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም። ይህን ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ልጅ ሌሊቱን የማይተኛው «ፊቱን ላየው ነው» ብሎ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ዘመድ ይበዛል። ማር ይዞ የሚመጣ አለ፣ ልቅሶ ይዞ የሚመጣ አለ። ሁሉም የሚፈልገው ልጁ ቃሉን እንዲለውጥ ነው። እነዚያን ቀናት ልጁ ከእንግዳ ጋር ብቻውን አይቀመጥ። ካስፈለገም አያቱ ጋ ይሰንብት።

ክፍለ ሀገር የምትመለስ ልጅ

ከጎጃም ወይም ከወላይታ በደላላ መጥታ፣ ሰው ቤት ስትሠራ የተጎዳች ልጅ ወደ ወላጆቿ ስትመለስ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቤቷ አልመታት ይሆናል። ግን ያስወጣት ነገር እዚያው ይጠብቃታል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ። ያልተከፈላት ደመወዝ አለ? ከአዲስ አበባ ሳትወጣ ይጠየቅ፤ ከሄደች በኋላ ማን ይሰጣታል። እዚያ ትምህርት ቤት ቦታ አላት? ሦስተኛው፣ ሊድሯት አስበዋል? የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ግን «ከተማ የከረመች ልጅ» ስሟ ሳይበላሽ ቶሎ ትዳር የሚሉ ዘመዶች አሉ። አባትየውን ብቻ አታናግሩ። አያቷን፣ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የንስሐ አባትን ወይም የመስጊዱን ኢማም አግኙ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ድሮም ቤት ለቤት ስለምትዞር፣ ደጃፍ ብትታይ ማንም አይጠረጥርም። ስልክ ቁጥራችሁን ደብተሯ ሽፋን ላይ ጻፉላት።

ስትጎበኙ

መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ። እኔ ዓመት ሳይሞላ አላቆምም። አንዳንዱ ቀን ሳይነገር ይሁን። ቡና ከቀረበ ጠጡ፤ በአቦል ተነስቶ የሚሄድ ጎብኚ የሰማው «ደህና ነን» ብቻ ነው። ወሬው የሚመጣው በረካ ላይ ነው።

ዓይናችሁ ልጁ ላይ ይሁን። ስትጠይቁት ከመመለሱ በፊት ማንን ያያል? አባቱ እጁን ሲያነሳ፣ ሲኒ ሊቀበል እንኳ ቢሆን፣ ይሸማቀቃል? በሙቀት ቀን እጅጌው ረጅም ነው? ትንሿ እህቱስ? አንዳንድ ጊዜ የተመለሰው ልጅ ይከበርና ዱላው ወደ ታናሹ ይዞራል። በየጊዜው ለአሥር ደቂቃ ከቤት አውጥታችሁ አነጋግሩት። ሱቅ አስከትሎ መሄድ ጥሩ ሰበብ ነው።

ካልሆነ

አዲስ ሰንበር ካያችሁ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ከጠፋ፣ «ወደቀ» የሚለው ታሪክ በየጊዜው ከተለዋወጠ ቅዳሜን አትጠብቁ። ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ገብታችሁ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልን ጠይቁ። ወሲባዊ ጥቃት ከጠረጠራችሁ ሆስፒታል ይቅደም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ውጤት ያለው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ልጁን አታጥቡ። የለበሰውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ፌስታል ያሻግተዋል። «ማን ነው? እንዴት?» እያላችሁ አታፋጥጡት። «ነገርከኝ፤ ጥሩ አደረግክ» በሉትና ባለሙያው ይጠይቅ።

እንደገና ከቤት ይወጣል ማለት እንደገና ማቆያ ይገባል ማለት አይደለም። አያት አለች? አክስት አለች? ክርስትና እናት? ልጅ ሰፈሩንና ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ ዘመድ ጋ ቢያድር እመርጣለሁ። ለዘመዷም ያንኑ ድጋፍ ስጡ፤ ጡረታ ብቻ ያላት አያት በባዶ ምርቃት ልጅ አታሳድግም።

ፋይል የምዘጋው መቼ እንደሆነ ጀማሪ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። ቤቱ ንጹሕ ስለሆነ አልዘጋም። እናትየው ሳልጠይቃት «ባለፈው ሳምንት ልመታው እጄን አንስቼ ነበር፣ ከዚያ ወጣሁ» ስትለኝ ልቤ ይረጋጋል። ልጁ በወላጁ ፊት «አልፈልግም» ብሎ ሲያኮርፍና ማንም ሳይደነግጥ ሲታለፍ ደግሞ ይበልጥ። ያኔ የመጨረሻውን ሪፖርት ጽፌ ለወረዳው አንድ ቅጂ እሰጣለሁ። ስልኬን ለእናትም ለልጁም ለየብቻ ጽፌ እተዋለሁ። ያቺን ልጁ በሯን የሚያንኳኳባትን ጎረቤትም ሄጄ እነግራታለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔ እንደማልመጣ፣ ግን ከደወለች ስልኩን እንደማነሳ።